ያኛውም የሚያየው ነጥብ

ተድላ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ያወቁት ሰዎች ሁሉ ተኳሽ ነበር ስለሚሉ ነው። ተኳሽ! በውትድርና ዘመኑ የተኮሰው ጥይት ማሠልጠኛ ውስጥ የተኮሰው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሰሜን ጦር ግንባር ወስደው ምድጃ ላይ ጣሉት፤ ሊጥ ሲያቦካና ዳቦ ሲያወጣ ኖረ። አንድ ቀን መድፍ የጦር ሰፈሩን ሲደበድበው ሌላው ሁሉ ወደ ምሽግ ሲሮጥ እሱ ከምድጃው አልተነሣም፤ ለዚህም ኒሻን ሰጡት። ሲያወራልኝ ግን «ጀግንነት መስሎሻል? ዳቦው እንዳያርብኝ ብዬ ነው» ይለኝ ነበር።

መንግሥት ሲወድቅ እንደ ብዙዎቹ በከሰላ በኩል ወደ ሱዳን ገባ። ሚስቱ ገዳሪፍ አጠገብ ካለው መጠለያ በወባ ሞተችበት፤ ገና ያልቆመች ሴት ልጅ፣ ሳራን፣ ትታለት ሄደች። ልጅቱን አቅፎ ካርቱም ሲደርስ የሚያውቀው ሰው፣ የሚያሳየውም ወረቀት አልነበረውም። ጥቂት ዓመት ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ውስጥ ጆንያ ሲሸከም ቆየና አንድ ቀን እኔ ከምሠራበት ግቢ በር ላይ መጣ።

እኔ ሉጥፊያ እባላለሁ፤ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ያኔ በሐጅ አብዱልሰላም ቤት ወጥ እሠራ ነበር። ሐጅ አብዱልሰላም የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ ሀብታም ነው። ዘበኛ ይፈልግ ነበር፤ ዱላ የሚይዝ ሳይሆን ሽጉጥ የሚይዝ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲጠይቀው እኔ ደረጃውን እያጠብኩ ነበርና የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

«ያ ሐበሻ፣ ዒንደክ ኒሻን?» አለው።

ሱዳኖች ኒሻን ሲሉ ዓይንና እጅ ማለታቸው ነው፤ አነጣጥረህ ትመታለህ ወይ ነው ጥያቄው። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ኒሻን ደረት ላይ የሚንጠለጠል ነገር ነው። ተድላ ያኔ ዓረብኛው የገበያ ዓረብኛ ነው። «ዒንዲ፣ ያ ሐጅ፣ ዒንዲ! አለኝ!» ብሎ እጁን ከውስጥ ኪሱ ከተተና በጨርቅ የተጠቀለለውን ኒሻኑን አውጥቶ እጁ ላይ አስቀመጠለት። ሐጁ አገላብጦ አየው። ለተኩስ የተሸለመ ሰው ደጄ ድረስ መጣልኝ ብሎ ደስታው ወሰን አጣ። «ማሻአላህ! ከላስ፣ አለቀ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ በር ነው» አለ።

እኔ ነገሩ ገብቶኛል፤ ሳቄን ዋጥ አድርጌ ደረጃዬን ማጠብ ቀጠልኩ። ቤቱ ዘበኛ ይፈልጋል፣ ሰውየው ቤት ይፈልጋል፤ አስተርጓሚ ብሎ የጠራኝም የለም።

ተድላ የተጠየቀው ምን እንደሆነ የገባው ዘግየት ብሎ፣ ሐጁ ለእንግዶቹ «የኔ ሐበሻ የዝንብ ዓይን ይመታል» እያለ ሲፎክርበት ነው። ያኔ ግን ከበሩ ጎን ያለችው ክፍል ውስጥ ልጁን አስተኝቷል፤ ሐጁ ዋስ ሆኖ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ አውጥቶለታል፤ ሳራም ትምህርት ቤት ልትመዘገብ ነው። ምን ብሎ ይመልሰው? «ሐጅ፣ ይቅርታ፣ እኔ ዳቦ ነው የማውቀው» ቢል ማታውኑ ጎዳና ላይ ነው፤ ጎዳና ላይ ደግሞ ከሻ አለ። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን እየለቀመ መኪና ላይ የሚጭንበትን አፈሳ እኛ ሁላችን እናውቀዋለን።

አንድ ነገር ደግሞ ነበረው። «ልጄ የሰው ቤት አታጥብም» ይል ነበር። «ለዚህ ነው በር ላይ የተቀመጥኩት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።» ይህን የሚለኝ እኔ የሰው ሳህን እያጠብኩ ነው እንግዲህ። መጀመሪያ ሰሞን ደሜ ይፈላ ነበር። ኋላ ግን ሳራ ደብተሯን አንጠልጥላ በዚያ በር ስትወጣ ሳያት እኔም እንደሱ ማለት ጀመርኩ፤ ይህቺ ልጅ የሰው ቤት አታጥብም።

ዓመታት አለፉ። ሽጉጡ አሮጌ ነበር፤ ተድላ በየጊዜው እየፈታ ዘይት ይቀባዋል፣ ወገቡ ላይ ያስረዋል፣ አንድም ቀን አልተኮሰም። ሌባውም የኒሻኑን ወሬ ሰምቶ ይሁን በሌላ ምክንያት ድርሽ አላለም። ያስቸገረው ዓይኑ ነው። ያ ሁሉ ዘመን በእሳት ተጠብሶ፣ በላዩም ዕድሜ ተጨምሮበት፣ የቅርብ ነገር አላሳየው አለ። የልጁን ቀሚስ ሊሰፋ ሲል ክሩን በመርፌው ዓይን የማስገባለት እኔ ነበርኩ። የሽጉጥ የብረት ማነጣጠሪያ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ከኋላ ስንጥቅ አለ፣ ከፊት ጉጥ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ሰውየው አለ። ሦስቱን በአንድ መስመር ማቆም ያስፈልጋል፤ ዓይን ግን ሦስቱን በአንዴ አያጠራም፤ ጠርቶ መታየት ያለበት የፊቱ ጉጥ ነው። ተድላ ከመንገድ ማዶ ያለውን የኒም ዛፍ ቅጠል በቅጠል ያየዋል፤ ክንዱ ጫፍ ላይ ያለውን ጉጥ ግን ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ነገር ነበር የሚያየው። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን።

ሱዳን ነዳጅ መሸጥ ጀምራ ገንዘቡ ካርቱምን ያሰከራት ሰሞን ከእኛ ጎዳና አንድ ቤት በጠራራ ፀሐይ ተዘረፈ። ሐጁ እንቅልፍ አጣ። በዚያው ሳምንት ታናሽ ወንድሙ ረሺድ ከዱባይ መጣ። ይህ ረሺድ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ሠራተኛ ሲያናግር ፊቱን ሳይሆን ጫማውን የሚያይ ሰው ነው። አዲስ ሽጉጥ ይዞ መጣ፤ ከሽጉጡ ጋር ሁለት የማነጣጠሪያ ዕቃ። አንደኛው ከአፈሙዙ ሥር የሚታሰር ሌዘር ነው፤ ቁልፉን ሲጫኑት ቀይ ነጥብ ሄዶ የተነጣጠረበት ነገር ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ሽጉጡ ጀርባ ላይ የሚሰካ ትንሽ መስታወት ነው፤ በውስጡ ሲያዩ ቀዩ ነጥብ መስታወቱ ላይ ይታያል፤ ነጥቡን ሰውየው ላይ አሳርፎ መተኮስ ነው፤ ስንጥቅ የለ፣ ጉጥ የለ።

ረሺድ ተድላን አልወደደውም። ማዮ ሰፈር የሚኖር ኢሳ የሚባል የራሱ ሰው ነበረውና በሩን ለእሱ ፈልጎታል። «ይህ ሽማግሌ ሲተኩስ ያየው አለ?» አለ በምሳ ላይ። እኔ ሳህን እያነሣሁ ነበር። ሐጁ ተቆጣ። «ጁምዓ እርሻው እንሄዳለን» አለ። «በብረቱም፣ በሌዘሩም፣ በመስታወቱም ይተኩስ። የሚሻለውን ራሱ ይመርጣል፤ ባለ ኒሻኑ እሱ ነው።» ረሺድም «ከሳተስ?» ሲል ጠየቀ። «ከሳተ ኢሳህን አምጣ» አለው ሐጁ።

ያን ሳምንት ተድላ ምግብ አልበላም። ሳራ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ልትጨርስ ትንሽ ነበር የቀራት። «አንተ ሰውዬ፣ እውነቱን ብትነግረውስ?» ስለው «አሁን? ይህን ሁሉ ዓመት ካስፎከርኩት በኋላ? ውሸታም ብሎ ለፖሊስ ነው የሚሰጠኝ» አለኝ። ልክ ነበር።

እርሻው ከሐጅ ዩሱፍ ገበያ አልፎ ነው። ለእንግዶቹ ሥጋ እንድጠብስ እኔንም ጭነው ወሰዱኝ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ባዶ የዘይት ቆርቆሮዎች ግንድ ላይ ደረደሩ። እኔ ከከሰሉ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ አላህን እለምናለሁ፤ ሥጋው አረረ።

«በብረቱ ጀምር» አለ ረሺድ።

ተድላ ሽጉጡን ተቀብሎ አገላበጠው፤ ፊቱ ላይ ምንም አይታይም። «ያ ሐጅ፣ በብረት መተኮስ ወታደር ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ለሱ ጥይት አናባክን። አዲሱን ልሞክረው» አለ። ሐጁ ሳቀ፤ «ሰማህ ረሺድ? የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው!» ብሎ የወንድሙን ትከሻ መታው። ያቺን አለፋት።

ሌዘሩን አሰሩለት። በዚያ በካርቱም ፀሐይ ቀዩ ነጥብ ቆርቆሮው ላይ የት እንደገባ ጠፋ። ወደ ፓምፑ ቤት ጥላ ሲያዞሩት ግድግዳው ላይ ታየ፤ ግን ይንቀጠቀጣል። «እጁ ይንቀጠቀጣል!» ብሎ ረሺድ ጮኸ። ሐጁ ሽጉጡን ነጥቆ ራሱ ያዘው፤ ነጥቡ አሁንም ተንቀጠቀጠ። ረሺድም ያዘው፤ የባሰ ተንቀጠቀጠ። የማይንቀጠቀጥ እጅ የለም፤ ሌዘር ግን ሰው ፊት ያወጣዋል። እንግዶቹ ሳቁ፤ ረሺድ አልሳቀም።

ቀጥለው መስታወቱን ሰኩለት። ተድላ አንሥቶ ተመለከተ፤ ትንሽ ቆመ፤ ተኮሰ። ቆርቆሮው ወደቀ። ደግሞ ተኮሰ፤ ደግሞ ወደቀ። ግንዱ ላይ አንድም ቆርቆሮ አልቀረም። የሩቁን የሚያይ ዓይኑ ሩቁን እንዳየ፣ ነጥቡ በራሱ መጥቶ የሚቀመጥበት ነገር ነበራ! እንግዶቹ «አላሁ አክበር!» አሉ፤ እኔ ከሰሉ አጠገብ እልል ልል ደረስኩ። ሐጁ ግንባሩን ሳመው። ተድላን ሳየው ግን ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሽጉጡን ያስረከበው እንደሚያቃጥል ነገር ነው።

በማግሥቱ ወደ ማድ ቤቱ በር መጣ። «ደስ አይልህም እንዴ?» አልኩት። «መስታወቱ አዳነህ፤ እሱን ምረጥና ተገላገል።»

«አልመርጠውም» አለኝ።

«አብደሃል?»

«አልገባሽም፣ ሉጥፊያ። ቀላል ነው። በጣም ቀላል ነው። ቆርቆሮውን ትቼ ከጀርባው የሚሄደውን አህያ ነጂ ባይ ነጥቡ እሱም ላይ ቁጭ አለ። ጣቴን ሳብ ባደርግ አለቀለት፤ እሱ ምንም አያውቅም። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ነጥብ የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ሌዘሩን ግን ያኛውም ያየዋል። ደረቱ ላይ ቀይ ነገር ሲያይ ሌባም ቢሆን ይሮጣል። ይሩጥልኝ! እኔ ሰው ገድዬ አላውቅም፤ ልጄን የማሳድገው ሰው ገድዬ አይደለም።»

ምን ይባላል? ለሐጁ ግን ሌላ ሌላውን ነገረው፤ መስታወቱ አቧራ ይይዛል፣ የሽጉጡ ማኅደር ውስጥ አይገባም፣ ሰው በሚመጣበት ሰዓት ባትሪው ያልቃል አለው። ሐጁ ደስ አለው፤ ሌዘር ጎረቤት የሚያየው ነገር ነውና ለፉከራም ይመቻል። ረሺድ ብቻ «ሌዘር የፈሪ ነው፤ መተኮስ የማይፈልግ ነው የሚመርጠው» አለ። ያ የተረገመ፣ ሰው ማወቅ ይችልበታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። የመግሪብ አዛን ብሎ ሐጁ መስጊድ ሄዷል፤ መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል፤ እኔ ማድ ቤት ፋኖስ እለኩሳለሁ። በኋላው አጥር አንድ ሰው ዘሎ ገባ፤ ፊቱን በጥምጣሙ ጠቅልሏል። ተድላ ከበሩ በኩል መጣና ቁልፉን ተጫነ፤ ቀዩ ነጥብ ሰውየው ነጭ ጀላቢያ ላይ፣ ደረቱ መሀል፣ አረፈ። «አጊፍ! ቁም!» አለው። አሁንም «አጊፍ!» አለ። ጣቱን አልሳበም፤ እንዲሮጥለት ነው የሚጠብቀው። ሰውየው ነጥቡን አየ፤ ከዚያ ነጥቡ የሚመጣበትን አየ። ሽጉጥ አወጣና ወደ ብርሃኑ ተኮሰ።

ፋኖሱን ይዤ ስደርስ ተድላ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ቀኝ እጁን በግራው ይዟል፤ ደሙ በክርኑ ይወርዳል። ያኛው ጥምጣሙን አወለቀ፤ ረሺድ ነው። «ልፈትነው ነበር የመጣሁት» አለ። «ወላሂ፣ ለወንድሜ ላሳየው ብዬ ነው።» ቀይ ነጥብ ደረቱ ላይ ሲያይ ፈተናውም ተረሳው፣ ወንድሙም ተረሳው።

ሆስፒታል አልወሰዱትም። የሽጉጡ ፈቃድ በሐጁ ስም ነው፤ ስደተኛ እጅ ላይ ምን ይሠራል ተብሎ ቢጠየቅስ? የሐጁ ወዳጅ የሆነ አንድ ሐኪም እቤት ድረስ መጥቶ ሰፋው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ግን አልተረፉም። በዚያ እጅ ሊጥ አይቦካም።

ቁስሉ ሳይደርቅ ሐጁ በረንዳው ላይ አስጠራው። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ነጥቡ ደረቱ ላይ ነበር ወይስ አልነበረም?» አለው።

«ነበር፣ ያ ሐጅ።»

«ታዲያ ለምን አልተኮስክም?»

«ያ ሐጅ... ወንድምህ እኮ ነው!»

«ወንድሜ መሆኑን አታውቅም ነበር። ሌባ ነው ብለህ ነው ያልተኮስከው።»

ሐጁ ወንድሙ በሕይወት አጠገቡ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ለምን አልገደልክልኝም ብሎ ይከራከራል! የሻይ ትሪውን እራሳቸው ላይ ልደፋው ነበር፤ አልደፋሁትም። ሐጁ በመጨረሻ፣ ያለ ቁጣ፣ «የማይተኩስ ዘበኛ ገፊር አይደለም። ከላስ» አለ። በሳምንቱ ኢሳ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ የተሰጠው ሽጉጥ ላይ ያለው መስታወቱ ነው።

ተድላና ሳራ ማዮ አንድ የጭቃ ክፍል ተከራዩ። ሐጁ ዋስትናውን ስላነሣ ኢቃማው አልታደሰም፤ ከሻውን ፈርቶ ተድላ ከበር አልወጣ አለ። እኔም ሥራው አያስወጣኝምና ብዙ ወራት ሳላያቸው ቆየሁ።

አንድ ቀን ሐጁ «ይህን ድስት ረሺድ ቤት አድርሺ» አለኝ። ረሺድ አግብቶ እዚያው አል-ጣኢፍ የራሱን ቤት ከፍቷል። በሩን አንኳኳሁ። የከፈተችው ሳራ ናት፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል፣ እጇ ላይ የወለል መጥረጊያ ይዛለች።

ድስቱን ተቀበለችኝና ቀና ብላ አላየችኝም። አማርኛዋ እንደ ካርቱም ልጆች ነው፤ እኔን ኻልቲ፣ አክስቴ፣ አባቷን አቡይ ትላለች። «ኻልቲ፣ ወላሂ፣ ለአቡይ እንዳትነግሪው» አለችኝ። «ጠዋት የትምህርት ቤት ልብስ ለብሼ እወጣለሁ። እዚህ መጥቼ እቀይራለሁ። ከሰዓት ደግሞ እለብሰውና እሄዳለሁ። ብሩን ረሺድ ስለ እጅህ ብሎ ይሰጠናል፣ ትምህርቴንም እሱ ይከፍላል ብዬዋለሁ። አቡይ ሲሰማ አለቀሰ፣ ደስ ብሎት።» ከውስጥ የረሺድ ድምፅ ጠራት፤ «ሐዲር! አቤት!» ብላ ሮጠች።

የዚያ ሳምንት ጁምዓ አላስችል አለኝና ለምኜ ወጥቼ ማዮ ሄድኩ። ተድላ ከስቷል፤ ፂሙ ነጭቷል። ባየኝ ጊዜ ግን ፊቱ በራ፤ በግራ እጁ ሻይ ሊቀዳልኝ ተንደፋደፈ፤ ግማሹን መሬት ላይ ደፋው። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነበር። የሳራ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ተሰቅሏል። በግራ እጁ፣ በከሰል ካውያ፣ እሱ ነው የተኮሰላት።

«ዘንድሮ ትጨርሳለች፣ ኢንሻአላህ» አለኝ። «ጎበዝ ናት አይደል? ማታ እዚህ ስትደርስ እንዴት እንደሚደክማት ብታዪ፤ ትምህርቱ ከብዷታል።»

«ጎበዝ ናት» አልኩ።

ወደ እኔ ጠጋ አለ፤ የሚያምር ምስጢር እንደሚነግረኝ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እጄ አያሳዝነኝም እኮ፣ ሉጥፊያ። ብዙ አሰብኩበት። ያን ቀን መስታወቱን መርጬ ቢሆን ኖሮ ረሺድን ገድዬው ነበር። እሱን ብገድለው ደግሞ ልጄን ማን ያስተምርልኝ ነበር?»